ከካሜራው ጀርባ የቆመው ሸማኔ

«እጁ የእኔ፣ ፊቱ የእሷ።»

ድምፁ በኮምፔርሳቶው ግድግዳ በኩል ሲመጣ ሉሊት አንድ እግሯን ካልሲ ውስጥ አስገብታ፣ ሌላውን ባዶውን እንዳንጠለጠለች አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀረች። የተናገሩት አባቷ አቶ ደግነት ናቸው። አባቷ ከኦቾሎ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ሁልጊዜ ከአንድ ቀን በፊት ያስደውላሉ፤ ዛሬ ግን ሳያስደውሉ፣ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሆን፣ በአጎቷ ሳሎን ተቀምጠዋል። አነጋገራቸው ቁጣ አልነበረበትም። የጋቢ ዋጋ ጠርቶ ከዚያ በታች እንደማይወርድ ሰው ነበር የተናገሩት። ከዚያ የሻይ ብርጭቆ ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ ተሰማ። አጎቷ ኢሳያስ፣ ቅዳሜ ገበያ ከአምስት ነጋዴ ጋር ባንድ ጊዜ የሚከራከረው ሰው፣ ሻዩን ማማሰል ቀጠለ።

ሉሊት ሁለተኛውን ካልሲ ትታ ወጣች። የአጎቷ ሳሎን የላስቲክ ሽፋኑ ያልተገፈፈ ቡናማ ሶፋ፣ ግድግዳውን ግማሽ የያዘ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ደግሞ በወርቅ ቀለም የተጻፈ የመዝሙር ጥቅስ ያለበት ክፍል ነው። አባቷ ሶፋው ላይ አልተቀመጡም። በሩ አጠገብ ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ በቡሉኮ የተጠቀለለ ነገር ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀውታል፤ የኦቾሎ ቀይ አፈር ገና አልደረቀበትም። ሲነጋ ተነስተው እስከ ላንቴ በሞተር፣ ከላንቴ በሚኒባስ መጥተዋል፤ ለሞተሩ ብቻ ሁለት መቶ ብር።

«ሳሮ፣ ሉሊቴ፤» ብለው በጋሞኛ ሰላም አሏት፣ ትከሻዋን በትከሻቸው እየነኩ። «ከሳሽ።»

«አልከሳሁም አባባ።»

«ፖላንድ እያለሽ በፎቶ ትወፍሪ ነበር። ፎቶ ያወፍራል መሰለኝ።»

ሮማነወርቅ፣ የኢሳያስ ሚስት፣ በቴርሞስ ሻይ ይዛ ከጓዳ እየወጣች ነበርና ፎቶ የሚለውን ቃል ስትሰማ ቴርሞሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሳትቀዳ ተመለሰች። አባቷ ሐሙስ ዕለት የሆነውን ለኢሳያስ የነገሩትን ለሉሊት ደገሙላት። ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ አስጎብኚው ታዴዎስ እየመራቸው ኦቾሎ ወጡ። አቶ ደግነት የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው እየሸመኑ ነበር። ሴትዮዋ ስልኳን ዘርግታ አሳየቻቸው። በስልኩ ላይ የራሳቸው ቤት፣ የራሳቸው መስኮት፣ ጀምረውት የነበረው ቀይና ቢጫ ዱንጉዛ ጨርቅ ሳይቀር አለ። በጉድጓዱ አፋፍ ላይ የተቀመጠችው ግን ሮማነወርቅ ነች። በፎቶው ላይ የተጻፈውን ታዴዎስ አነበበላቸው፦ ሮማነወርቅ፣ የኦቾሎ ሸማኔ። ከዚያ ፈረንጆቹ ይህችን ሴት ፈልገን ነው የመጣነው፣ የት ናት ብለው ጠየቋቸው።

«እኔ ነኝ አትላቸውም ነበር?» አለ ኢሳያስ፣ ገና አሁን አፉን ከፍቶ።

«ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ፣ መወርወሪያ በእጄ ይዤ፣ እኔ ነኝ ብዬ ልማል እንዴ? ባሏ መስያቸዋለሁ። እሷን ፈለጉ፣ ያለችበትን ነገርኳቸው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ወንድሜ ሱቅ፣ ቅዳሜ አስር ሰዓት ሂዱ አልኩ።»

«ወንድም ጋሼ! ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው!»

«ታዲያ ለምን የወረድኩ መሰለህ?»

ሉሊት የቆመችበት ምንጣፍ የሞቀ መሰላት። ያንን ፎቶ ያነሳችው እሷ ናት። ከፖላንዷ ክራኮቭ ተመልሳ በአጎቷ ሱቅ የኢሜይል ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አማካሪ ፈረንጅ የሴት ታሪክ ይወዳል፣ የሴት ፊት አሳዩት አለ። በጋሞ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ለአማካሪው ግን አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። ኢሳያስ፣ ሮማነወርቅና ሉሊት በመኪና ኦቾሎ ወጡና አቶ ደግነት ከጉድጓዱ እንዲነሱ ተጠየቁ። ቤቱ ጨለማ ስለነበር ሉሊት ብርሃን የሚመልስ ነጭ ነገር ፈለገች። አባቷ አዲስ ነጠላ ከሳጥን አውጥተው፣ ከካሜራው ጀርባ ቆመው፣ የመስኮቱ ብርሃን ሮማነወርቅ ፊት ላይ እንዲያርፍ ሩብ ሰዓት ያህል በሁለት እጃቸው ዘርግተው ያዙላት። ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ልጃቸው የተማረችው ነው ብለው። ማታውኑ ስሙን ፎቶው ላይ የጻፈችው፣ ለአንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ደንበኛም በኢሜይል የላከችው ሉሊት ነበረች። ያኔ ኩራት ተሰምቷት ነበር።

ኢሳያስ ተነስቶ በሳሎኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላለሰና መፍትሔ አገኘ። ሱቁ ጥግ ላይ ለማሳያ የተቆፈረ ጉድጓድና የሽመና ዕቃ አለ። ሮማነወርቅ አምስት ደቂቃ ትቀመጥ፣ መወርወሪያውን ትያዝ፣ ፈረንጆቹ ፎቶ ያንሱ፣ ይሂዱ። «ማን ይመረምራል? አምስት ደቂቃ! የሮተርዳሟ ሱቅ ሦስት መቶ ሻርፕ ያዘዘችው ይህን ፎቶ አይታ ነው። ወሬ ቢደርሳት ትዕዛዙ ይቀራል፤ ትዕዛዙ ከቀረ ደግሞ የሚጎዳው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ኦቾሎ ላይ አስራ አራት ሸማኔ አለ።» ይህን ያለው ወደ ወንድሙ ሳያይ ነው። አቶ ደግነትም ወደ እሱ አላዩም። 

አቶ ደግነት ጉልበታቸው ላይ ያለውን ቡሉኮ ፈቱ። ውስጡ ሦስት ወፍራም ደብተር ነበር። ኢሳያስ ለአንድ ወር ሲጠይቃቸው የነበረው የእንግዳ መዝገብ ነው፤ ለአሥራ ስምንት ዓመት ኦቾሎ ወጥተው እሳቸው ዘንድ የተቀመጡ ፈረንጆች ሁሉ ስማቸውን፣ አገራቸውንና ኢሜይላቸውን የጻፉበት።

«ይኸው። አመጣልሃለሁ ብዬ ነበር፤» አሉና ለሉሊት ሰጧት። ለኢሳያስ አልነበረም የሰጡት።

አባትና ልጅ ባጃጅ ይዘው ወደ ሱቁ ወረዱ፤ ሠላሳ ብር፣ ሁለት ሰው። ቅዳሜ ስለነበረ የሲቀላ መንገድ በሙዝ ጋሪ ተጨናንቋል፤ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የተቆረጠው ሙዝ ገና ወተቱን እያንጠባጠበ በየበሩ ይወርዳል። የሱቁ የፊት ክፍል ጋቢና ሻርፕ የተደረደረበት ነው። የኋላው ክፍል የሉሊት ቢሮ ነው፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ በሲባጎ የታሰረ የአየር ማራገቢያ፣ ወደ ጓሮው ፓፓያ የሚያሳይ ጠባብ መስኮት። አባቷ ከጎኗ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ደብተር ስትከፍት ያልጠበቀችውን አየች። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ፣ በገጹ ኅዳግ ላይ፣ የጣት ርዝመት ያለው ክር በመርፌ ተወግቶ ተቋጥሯል። ቀይ። ቢጫና ጥቁር። ነጭ ብቻ። አረንጓዴ ከሰማያዊ ጋር።

«ይሄ ምንድን ነው አባባ?»

«ያን ቀን ስሸምነው የነበረው። ፈረንጅ ሁሉ ለእኔ አንድ ነው የሚመስለኝ፤ ጽሑፋቸውንም አላነብም። ክሩን ሳይ ግን ማን እንደተቀመጠ፣ ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ትዝ ይለኛል።»

ሉሊት በኤክሴል አራት ዓምድ ከፈተች፤ ስም፣ አገር፣ ኢሜይል። አራተኛውን ባዶ ትታ ጥቂት አሰበችና «ክር» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ሥራ ጀመሩ። እሷ ስሙን ትጠራለች፣ እሳቸው ክሩን በጣታቸው ይዳስሱና ይናገራሉ። ቢጫና ጥቁር፤ ይህች ሴት ጉድጓዱ ውስጥ ልግባ ብላ ገብታ እግሯ ተጠላልፎ በሦስት ሰው ተጎትታ ወጣች። ነጭ፤ ይህ ሰውዬ ሚስቱ ሞታበት ነበር፣ ሙሉ ቀን ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ፣ በዓመቱ ተመልሶ መጣ። ቀይ፤ ይህ ቆጮ በዳጣ በልቶ አለቀሰ። ሉሊት እየሳቀች ትጽፋለች። ከኢሜይሉ ሥር ሰዎቹ የተዉትን ማስታወሻም ታነባለች፤ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ እንዲያውም አንድ ቦታ በፖላንድኛ። ቋንቋው ይለያያል እንጂ በመካከሉ አንድ ቃል ሳይለወጥ ይመጣል፦ ደግነት። ደግነት እናመሰግንሃለን። ደግነት አትርሳን። ደግነት ጻፍልን። ሁለተኛውን ደብተር ሲጀምሩ ፓፓያው ላይ የነበረው ጥላ ዞሮ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ልመለስ ወይስ ልቅር እያለች ሻንጣዋን ሳትፈታ አልጋ ሥር ያስቀመጠችው ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቷን ሳታይ ሦስት ሰዓት ሠራች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፋይሉን ወደ ኢሜይል መላኪያው አስገባች። ፕሮግራሙ ዓምዶቹን ለየ፤ ስም ከስም፣ ኢሜይል ከኢሜይል ገጠመ። «ክር» የሚለውን አላውቀውም አላት፤ አዲስ መስክ ብላ ሠራችለት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፤ ሠላሳ ሰባቱ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ፣ አሥራ ዘጠኙ የማይነበቡ። ከዚያ ከመጨረሻው ቁልፍ በፊት አንዲት ትንሽ ባዶ ሳጥንና አንድ ጥያቄ መጣ፦ እነዚህ ሰዎች መልእክት እንዲላክላቸው ፈቅደዋል? ሉሊት ብዙ ጊዜ ይህችን ሳጥን ሳታነብ ምልክት አድርጋ አልፋለች። አሁን እጇ ቆመ።

«ምን ይላል?» አሉ አባቷ።

«ፈቅደዋል ወይ ይላል። አድራሻቸውን ሲሰጡህ ለምን ነበር?»

«እንድጽፍላቸው ነዋ። ሁሉም ጻፍልን ብለው ነው የሚሄዱት። የሚጽፍልኝ ሰው አልነበረኝም፣ አንቺም ውጭ ነበርሽ።» ደብተሩን ከደኑት። «ለእኔ ነው የሰጡት። እኔ ከጻፍኩ ፈቅደዋል። ኢሳያስ ሻርፕ ሊሸጥላቸው ከሆነ ግን እሱን ጠይቂው፤ እኔ አላውቅም።»

ነገሩ ለሉሊት የበራላት ያኔ ነው። እነዚህ አራት መቶ ሰዎች ኦቾሎ ወጥተው፣ በዚያች ክፍል ተቀምጠው፣ በዓይናቸው ያዩት አንድ ሸማኔ ነው። ሮማነወርቅ የኦቾሎ ሸማኔ የሚል ፎቶ ከደረሳቸው እያንዳንዱ ሰው ውሸት መሆኑን ያውቃል። አጎቷ አንድ ወር ሙሉ የለመነው መዝገብ፣ አራት መቶ ምስክር ነው።

ምሳ በኢሳያስ ቤት ነበር። ሮማነወርቅ ከበቆሎ ዱቄት የተድቦለቦለውን ኩርኩፋ በሀለኮ ቅጠል ሠርታ፣ የተጠበሰ ዓሣ ከጎኑ አድርጋ አቀረበች። ኢሳያስ ጸልዮ ጀመሩ። ለትንሽ ጊዜ የዓሣ ዋጋ ተወራ፤ አንዱ ዓሣ ሦስት መቶ ሃምሳ ገብቷል፣ ሐይቁ እዚሁ ሆኖ። ከዚያ ሉሊት ሳህኗን ሳትጨርስ ስለ ምስክሮቹ ተናገረች።  ፎቶውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ፣ ዛሬ ላስተካክለው እፈልጋለሁ አለች።

ኢሳያስ የዓሣውን አጥንት በጥንቃቄ እያወጣ ሰማት። «የተላከ ደብዳቤ ይመለሳል እንዴ? ወጣ፣ አለቀ። ለአዲሶቹ የፈለግሽውን ላኪ። ዛሬ አስር ሰዓት የሚመጡትን ግን በነገርኩሽ መንገድ እንሸኛቸው። ሮማነወርቅ አምስት ደቂቃ ትቀመጣለች፤ አይደለም?»

ሮማነወርቅ እስከዚያ ድረስ ለሌላው እያቀረበች ራሷ አልበላችም ነበር።

«አልቀመጥም፤» አለች።

«ምን?»

«አልቀመጥም አልኩ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሴቶቹ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ሸማኔዋ መጣች፣ ለመዘምራን ልብስ ትሽመንልን አሉ። የታዴዎስ እናት ደግሞ፣ ኢሳያስስ ይፈትላል ወይ አለችኝ። ሳቅኩላቸው። ቤት ገብቼ ግን አልሳቅኩም።» ወደ አቶ ደግነት ዞረች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። «ፎቶው ላይ ጫማ አድርጌያለሁ። ጫማ አድርጎ የሚሸምን ሰው ማን አለ? ያንን ያየ የጋሞ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ፈትያለሁ። ፈትሌን የሚያህል ቀጭን ፈትል ኦቾሎ ላይ ካለ ይምጣና ይታይ። እሱን አንድም ሰው ፎቶ አላነሳውም። ፊቴን መልሱልኝ፤ ሌላ ምንም አልልም።»

 አቶ ደግነት ከሳህናቸው የዓሣውን ደህና ክፍል አንስተው፣ ባዶ በነበረው የሮማነወርቅ ሳህን ላይ አኖሩት። ኢሳያስ ሳይጨርስ ተነስቶ እጁን ታጠበና ወጣ። የግቢው በር ሲዘጋ ተሰማ።

ሉሊት ወደ ሱቁ ስትመለስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አጎቷ እንዳልተሳሳተ ታውቃለች፤ የተላከ ደብዳቤ አይመለስም። ፎቶ ግን ሌላ ነው። ፎቶው ከደብዳቤው ጋር አይሄድም፤ ደብዳቤው የሚይዘው ፎቶው የተቀመጠበትን አድራሻ ብቻ ነው። ሰውየው ደብዳቤውን በከፈተ ቁጥር ስልኩ ወደ ፕሮግራሙ የፎቶ ማህደር ሄዶ ያመጣለታል። ባለፈው ወር የደበዘዘውን የሱቁን ዓርማ በደህናው ስትተካ ፕሮግራሙ አስጠንቅቋት ነበር፦ ይህን ከተኩት ቀድሞ በተላኩት መልእክቶች ላይም ይለወጣል። ያኔ ምንም አልመሰላትም። አሁን ግን ገባት፤ ስሙ የተጻፈው ፎቶው ላይ ነው፤ ፎቶው ከተተካ ስሙም አብሮ ይተካል።

ማህደሩን ከፈተች። የዚያን ቀን ፎቶዎች ስድሳ ሦስት ናቸው፤ ሮማነወርቅ ከግራ፣ ሮማነወርቅ ከቀኝ፣ ሮማነወርቅ ፈገግ ብላ። ወደ ታች ወርዳ፣ ከሁሉም በፊት የተነሳውን አገኘችው። ስሙ «ሙከራ አንድ» ይላል። ብርሃኑን ለመለካት ብላ፣ አባቷ ከጉድጓዱ ከመነሳታቸው በፊት ያነሳችው ነው። አይታው አታውቅም ማለት ይቻላል። ነጭ ነጠላ የያዘ ስላልነበረ የፊታቸው ግማሽ ጥላ ነው፤ ግማሹ ግን በመስኮቱ ብርሃን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባዶ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ፣ የመርገጫው ገመድ በእግራቸው ጣት መሃል፣ መወርወሪያው በአየር ላይ። አይናቸውን ወደ ካሜራው አንስተዋል፤ ልጃቸውን ነበር የሚያዩት። ሉሊት ለብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ልክ የቀድሞውን ፎቶ መጠን ሰጠችውና ጻፈችበት፦ ደግነት፣ የኦቾሎ ሸማኔ። ከሥሩም፦ ፈትሉ የሮማነወርቅ ነው።

ኢሳያስ መቼ እንደገባ አላወቀችም። ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ሽታው የአቧራና የፀሐይ ነው፤ በእግሩ ሲዞር ቆይቷል።

«የተላከው ላይ ይለወጣል ነው የምትይኝ?»

«ይለወጣል ጋሼ። ስልኩ የድሮውን አስቀምጦት ካልሆነ በስተቀር።»

«የሮተርዳሟም ላይ?»

«የእሷም ላይ።»

«ትጠይቃለች።»

«ትጠይቅ። እውነቱን የምጽፍላት እኔ ነኝ፣ በስሜ። አሁን ቁልፉን የምጫነው ግን አንተ እያየህ ነው፤ ተደብቄ አላደርገውም። እምቢ ካልክም ንገረኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው ፈልግ።»

ኢሳያስ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ፊቱን አልነበረም የሚያየው። «እግሩን ተመልከቺ፤» አለ ቀስ ብሎ። «አውራ ጣቱን እንዴት እንደሚያጥፋት። እኔን ሲያስተምረኝ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አጥፋት፣ አጥፋት ይለኛል፤ እኔ አልሆንልህ አለኝ። ሦስት ወር ሞክሮ፣ አንተ አፍህ ይበልጣል፣ ሂድና ሽጥ አለኝ።» ሊስቅ ጀመረና ተወው። እሺም እምቢም ሳይል ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣ። ሉሊት በበሩ ቀዳዳ አየችው። ከሱቁ ጥግ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ፣ ለሮማነወርቅ ብሎ ጠዋት ያስቀመጣትን ባለ ስፖንጅ ወንበር አንስቶ በጋቢው መደርደሪያ ጀርባ አስገባት። ከዚያ ጉልበቱን አጥፎ የጉድጓዱን አቧራ በእጁ ጠረገ።

ሉሊት ቁልፉን ተጫነች።

ለአስር ሰዓት ሩብ ሲቀረው ሮማነወርቅ እንዝርቷንና ባዘቶዋን በሰፌድ ይዛ መጣች። ጫማዋን አውልቃ ከጉድጓዱ ትይዩ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠችና ማንም ሳይጠይቃት መፍተል ጀመረች። አቶ ደግነት ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፤ የሱቁ የሽመና ዕቃ የሰነፍ ሰው ዕቃ ነው እያሉ ድሩን አጠበቁ። ኢሳያስ በር ላይ ቆሞ በመሐረብ አንገቱን ይጠርጋል። የቀድሞው ፎቶ የፈረንጇ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆንስ? ሉሊት በራሷ ስልክ ሁለት ጊዜ ሞክራ ተለውጦ አይታለች፤ ግን የእሷ ስልክ የእሷ ነው። ክራኮቭ ያስተማሯት መምህር፣ ሰው አንዴ ያመነውን ፊት አይለውጥም ይሉ ነበር። ልክ ይሆኑ እንደሆነ አላወቀችም። ቢሆኑም ግድ አልሰጣትም።

ታዴዎስ ቀድሞ ገባ፣ ኮፍያውን እያወለቀ። ከኋላው ባልና ሚስቱ ተከተሉ፤ ረጅሙ ባል አንገቱን አቀርቅሮ፣ ሚስትዮዋ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ። ለሁሉም ሰላምታ ሰጠች፤ አቶ ደግነትን ስታይ አወቀቻቸው። ሐሙስ ዕለት ያገኘናቸው ባለቤቷ ናቸው ብላ ለባሏ ነገረችው። ከዚያ ሸማኔዋን ላሳያችሁ እንደሚል ሰው ስልኳን አወጣች፣ ደብዳቤውን ፈለገች፣ ከፈተች። ሥዕሉ መምጫ ላይ ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። የሲቀላ ኔትወርክ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲህ ነው። የሮማነወርቅ እንዝርትም ትዞራለች። ኢሳያስ መሐረቡን ኪሱ ከተተ።

ሴትዮዋ ስልኩን አየች። ቀና ብላ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጡትን ሰው አየች። መልሳ ስልኩን አየች፣ ለባሏም አሳየችው።

«ፎቶው ተለውጧል፤» አለች በእንግሊዝኛ።

«አዎ፤» አለች ሉሊት። «መጀመሪያ የላክነው ስህተት ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው። ሸማኔው አባቴ ናቸው፤ ፈታይዋ ደግሞ እነሆ። ሸማኔ ናት ብላችሁ የፈለጋችኋት እሷ ናት፤ የሠራችው ግን ይህን ነው።» ከሰፌዱ ላይ አንድ ልቃቂት አንስታ ሴትዮዋ መዳፍ ላይ አኖረችላት።

ሴትዮዋ ክሩን በሁለት ጣቷ መሃል አሻሸችው። ለማየት ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ለትንሽ ጊዜ ፊቷ ምን እንደሚወስን አይታወቅም ነበር። ከዚያ ወደ አቶ ደግነት ጎንበስ አለችና ታዴዎስን እንዲተረጉም ጠየቀችው። «ሐሙስ ዕለት ለምን አልነገሩንም?»

አቶ ደግነት መወርወሪያውን አቆሙ። «አልጠየቁኝማ። ሴት ነበር የጠየቁኝ።»

ታዴዎስ ሲተረጉመው ባልየው ቀድሞ ሳቀ። ሚስትዮዋም ሳቀች፤ ሮማነወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አቶ ደግነት ግን አልሳቁም። ሦስተኛውን ደብተር እንድታመጣ ለሉሊት ምልክት ሰጡ፤ ፈረንጆቹ ሐሙስ ሳይጽፉ ነው የሄዱት። ሴትዮዋ ስሟንና ኢሜይሏን ስትጽፍ፣ እሳቸው ከማጉ ላይ ቀይ ክር በጥርሳቸው ቆርጠው ለሮማነወርቅ አቀበሏት፤ እሷ በመርፌ ወግታ በኅዳጉ ላይ ቋጠረችው። አራት መቶ አሥራ ሦስት፣ አለች ሉሊት በልቧ። ሰኞ ለሁሉም የሚሄደውን ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር አባቷ ከምሳ ሲመለሱ ነግረዋታል፤ ደህና ናችሁ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ዘግይቼ ነው የጻፍኩት ይላል። የላኪው ስም ደግነት ነው። ያቺን ትንሽ ሳጥን ምልክት አድርጋባታለች።

ባልየው ካሜራውን አወጣና ጉድጓዱን አየ፤ ጥጉ ጨለማ ነው አለ፣ እጁን እያወዛወዘ። ኢሳያስ ማንም ሳያስተረጉምለት ገባው። ከመደርደሪያው ላይ ገና ያልታጠፈ ነጭ ነጠላ ወሰደ፣ ዘረጋው፣ በፈረንጁ ትከሻ ጀርባ ቆሞ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ የበሩን ብርሃን በወንድሙ ፊት ላይ ጣለው። ክንዱ ወፍራም ነው፤ ሳይቆይ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አቶ ደግነት አውራ ጣታቸውን አጥፈው መርገጫውን ረገጡ። ቀና ብለው ወንድማቸውን አዩት።

«ትንሽ ወደ ቀኝ፤» አሉት። «አዎ። እንደሱ ያዘው።»